ስምንት ገጽ አምጡልኝ

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ሥዕል ወደማስተምርበት ክፍል መጣ። ዕድሜው አሥራ ሰባት ነው። ወፍራም ደብተር ይዟል። ማንጋ፣ ማለትም የጃፓኖቹን የሥዕል ታሪክ፣ እየሠራ እንደሆነ ነገረኝ።

«ስንት ክፍል ነው?» አልኩት።

«መቶ ሃያ።»

«ስንቱን ሣልክ?»

ትንሽ አፈር አለና «ሽፋኑን» አለኝ።

አልሳቅኩበትም። እኔም በእሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ደብተሩን ገለጥኩት። የገጸ ባሕርያቱ ቁመት፣ የደም ዓይነታቸው፣ የሰይፋቸው ስም፣ የሦስት መንግሥታት ካርታ አለ። ዓይኖቹ ያምራሉ። ፀጉሩ ሁሉ ነፋስ ላይ ነው። እጅ ግን የለም። አንዱ ኪሱ ከቶታል፣ ሌላው ወደኋላ አጣምሮታል። እጅ መሣል የሚፈራ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው።

መካሪው ማን እንደሆነ ማወቅ ስላለባችሁ ስለራሴ ልናገር። ታዋቂ ማንጋካ (የማንጋ ደራሲ) አይደለሁም። በስሜ የወጣ ተከታታይ ሥራ የለኝም። በ2001 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) አርክቴክቸር ልማር ቶኪዮ ነበርኩ። ሕንፃ መሣል ስለምችል አንድ የማንጋ ደራሲ ዘንድ የጀርባ ሥዕል ረዳት ሆኜ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሥራዬ መስኮት፣ ደረጃ፣ የመብራት ምሰሶና የባቡር ጣቢያ ጣሪያ ነበር። ጀግናው ሲዘል እኔ ከኋላው ያለውን ፎቅ እሥላለሁ። አንባቢ ፎቁን ልብ አይለውም። ልብ ካለው አበላሽቻለሁ ማለት ነው። እንግዲህ የምነግራችሁ ከዚያ ክፍል ጥግ ተቀምጬ ያየሁትን ነው።

በጃፓን አንድ ማንጋ የሚጀምረው «ኔም» ከሚሉት ነገር ነው። ኔም ሻካራ ረቂቅ ነው። ገጹ በሳጥን ይከፋፈላል። ሰዎቹ በድንች ራስና በክብሪት እግር ይሣላሉ። ንግግሩ ይጻፋል። በቃ። ኤዲተር መጀመሪያ የሚያየው ይሄንን ነው። «ይቺ ሳጥን ለምን ትልቅ ሆነች? ልጁ በሩን የሚከፍተው ለምን ገጹ መሀል ላይ ነው? አንባቢው ገጽ ከገለጠ በኋላ ቢከፈት አይሻልም?» ይላል። ስለ ፀጉርና ስለ ዓይን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው፤ ካነሳም። የእኔ አለቃ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ነበር የሚሠራው። 19 ገጽ በየሳምንቱ። ከሳምንቱ ሦስቱን ቀን የሚበላው ኔሙ ነበር። እሱ ፀጉሩን ሲነጭ እኛ ረዳቶቹ ሩዝ እየበላን እንጠብቃለን። ኔሙ ሲያልቅ ነው ማንም እንቅልፍ የማያይበት የሥዕሉ ሥራ የሚጀመረው።

ስለዚህ ቆንጆ መሣሉን ለጊዜው ተዉት። ስምንት ገጽ ኔም ሥሩ። ለእናታችሁ ስጧት፣ ለጎረቤት ልጅ ስጡት። አጠገባቸው ቁሙና አፋችሁን ዝጉ። ማስረዳት ክልክል ነው። የት ጋ ግራ እንደተጋቡ ፊታቸው ይነግራችኋል። ወደኋላ ገጽ የመለሱበት ቦታ ላይ የእናንተ ስህተት አለ፣ የእነሱ አይደለም።

ለምን ስምንት ገጽ? መጀመርማ ሁላችንም እንችላለን። የጠፋው ጨራሽ ነው። መቶ ሃያ ክፍል ያሰበ ሰው ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደክመው አዲስ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፤ ምክንያቱም መፍጠሩ ከመጨረሱ ይጣፍጣል። በጃፓንም ጀማሪ የሚፈተነው በአጭር ሥራ ነው። ኢይቺሮ ኦዳ በ1992፣ በ17 ዓመቱ፣ ለማንጋ ጀማሪዎች በሚዘጋጀው የቴዙካ ሽልማት ውድድር ከተሸላሚዎቹ አንዱ የሆነው በአጭር ታሪክ ነው። ከዚያ የሌሎች ደራሲዎች ረዳት ሆኖ ሠራ። ዛሬ በመቶ ቅጽ የምትቆጥሩለት «ዋን ፒስ» ራሱ በ1997 ከመጀመሩ በፊት በ1996 በአጭር ታሪክ መልክ ተሞክሯል። እናንተ ግን ከመቶኛው ቅጽ ልትጀምሩ ትፈልጋላችሁ።

ውድቅ ስለመደረግም ላውራ፤ እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ልጅ ሲሰበር አይቻለሁ። በጃፓን ሥራችሁን ይዛችሁ ማተሚያ ቤት መሄድ የተለመደ ነገር ነው። ስልክ ደውላችሁ ቀጠሮ ትይዛላችሁ። አንድ ወጣት ኤዲተር ይወጣል፣ ፊት ለፊታችሁ ይቀመጣል፣ ያነባል። እኔም አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። 31 ገጽ ነበር፣ አምስት ወር የፈጀብኝ። ሰውየው በአምስት ደቂቃ ገልጦ ጨረሰው። ገና ሻዩ አልቀዘቀዘም። «ሕንፃዎቹ በጣም ያምራሉ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። በባቡር ስመለስ ተናድጄ ነበር። ቤት ገብቼ ሥራዬን እንደ ሌላ ሰው ሥራ ሳነበው ግን ሰውየው እውነቱን ነው። ሕንፃ እንጂ ሰው አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም። እንደገና አለመሄዴ እስካሁን የሚቆጨኝ ነገር ነው።

የ«ድራጎን ቦል»ን ደራሲ አኪራ ቶሪያማን ታውቁታላችሁ። «ዶክተር ስላምፕ» በ1980 መታተም ከመጀመሩ በፊት ኤዲተሩ ካዙሂኮ ቶሪሺማ የመለሰበት ገጽ 500 ገደማ ይደርሳል ይባላል። ሃጂሜ ኢሳያማ «አታክ ኦን ታይታን»ን መጀመሪያ «ሾነን ጃምፕ» ወደተባለው የማንጋ መጽሔት ነበር የወሰደው። አልሆነለትም። ሌላ ማተሚያ ቤት ተቀበለውና በ2009 ጀመረ። ታዲያ «እኔም ስለተጣልኩ ሊቅ ነኝ» ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። አብዛኛው የሚጣል ሥራ የሚጣለው መጣል ስላለበት ነው። ቶሪያማ ያንን ሁሉ ገጽ ሲመለስበት አዲስ ገጽ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ልብ በሉልኝ የምለው ይሄንን ነው።

ስለ ረዳትነት ብዙ ልጆች ይጠይቁኛል። መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ላጲስ ነው። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ የእርሳሱን መስመር ታጠፋላችሁ። ቀጥሎ ጥቁር መሙላት ይመጣል። ደራሲው ጥቁር የሚሆነው ቦታ ላይ ትንሽ የኤክስ ምልክት ያደርጋል፤ እናንተ ከመስመር ሳትወጡ ትሞላላችሁ። ከዚያ ግራጫ ነጠብጣብ ያለውን ተለጣፊ፣ ስክሪንቶን የሚባለውን፣ በምላጭ እየቆረጣችሁ ትለጥፋላችሁ። ዛሬ ይሄ በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ ነው። ቁራጮቹ ካልሲ ላይ ተጣብቀው ቤት ድረስ ይከተሉን ነበር፤ እሱ ቀርቶላችኋል። አሰልቺ ይመስላል። ግን የአለቃዬን ገጽ ባዶውን ሁሉ በእጄ ሞልቼ ነው ጥቁር የት ሲሆን ዓይን እንደሚቆም፣ የት ሲሆን እንደሚሮጥ የገባኝ። ማንም በቃል አላስተማረኝም።

ዕቃ ላይ አትጨነቁ። የጃፓን ባለሙያዎች የሚሥሉበት ወረቀት ቢ4 የሚባለው ነው፣ 25.7 በ36.4 ሳንቲ ሜትር። እዚህ ካጣችሁት ኤ3 ገዝታችሁ ቁረጡ። ወይም ኤ4 ላይ ሥሩ፣ ማንም አይከሳችሁም። ታብሌት ያላችሁ፣ «ክሪታ» የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ነጻ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ቻርጅ አይፈልጉም።

ይልቅ ልትጨነቁበት የሚገባው ፊደላችን ነው። ጃፓንኛ ከላይ ወደታች ስለሚጻፍ የማንጋ የንግግር ፊኛ ቀጭንና ረጅም ነው። እናንተ ያንኑ ቀጭን ፊኛ ገልብጣችሁ «አልተስማማንበትም» የሚለውን ቃል ልታስገቡበት ትሞክራላችሁ። ቃሉ አራት ቦታ ይሰበራል። አማርኛ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ግሱም ረጅም ነው። ፊኛው ሰፊ ይሁን፤ ቦታው ደግሞ ገና ኔሙ ላይ ይያዝለት። አቅጣጫም አለ። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበው ቋንቋቸው እንደዚያ ስለሆነ ነው። በአማርኛ እየጻፋችሁ ከቀኝ የምታስጀምሩ ልጆች አይቻለሁ። የእናንተ አንባቢ ዓይኑን ከግራ ነው የሚጀምረው። ለምን ታሰቃዩታላችሁ?

ድምፅ ላይ ግን ሀብታሞች ናችሁ፤ አላወቃችሁትም እንጂ። ጃፓኖች ድምፅ ለሌለው ነገር ሁሉ ድምፅ አላቸው። ዝምታ ራሱ «ሺን» ተብሎ ገጹ ላይ በትልቁ ይጻፋል። ተማሪዎቼ ይህንን ሲሰሙ ይገረማሉ። እኛስ? «ጭጭ» አለን አይደል እንዴ! «ክው» አለ፣ «ፍጥጥ» አለ፣ «ድርግም» አለ፣ «ብልጭ»፣ «ዥው»፣ «ሽው»። ልጁ ደንግጦ ሲቆም ከጎኑ «ክው» ብላችሁ ጻፉበት፤ ፊደሉ ራሱ ይሰንጠቅ። «ቡም»ና «ክራሽ» እያላችሁ ከምትለምኑ የእናታችሁን ወሬ ስሙ።

ስለ ዓይንም አንድ ነገር ልበል። በማንጋ ትልቅ ዓይን ለምን ይሣላል ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ያው ሐሳብ ነው፦ ዓይን የሰውየውን ማንነት ይናገራል። የንግሥት ሳባን ታሪክ በተከታታይ ሳጥኖች የሚተርከውን ሥዕልም አይታችኋል፤ 44 ሳጥን ያለው የተለመደ ነው። አያቶቻችሁ ታሪክን በሳጥን ማንበብ ያውቁ ነበር። ሄዳችሁ በደንብ እዩት። የቶኪዮውን ሰፈር ሺቡያን የሚሥል ጃፓን ውስጥ ሞልቷል። የሜክሲኮን የታክሲ ሰልፍ በዝናብ የሚሥል ግን ማን አለ?

ገንዘብ። በጃፓን ደራሲ ለመጽሔቱ በገጽ ይከፈለዋል፤ የረዳቶቹን ደመወዝ የሚከፍለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ነው። ስለዚህ የገጹ ክፍያ መጥቶ ይሄዳል። ትርፉ መጽሐፉ ሲታተም ነው፣ ከዋጋው 10 በመቶ አካባቢ። 400 የን የሚሸጥ መጽሐፍ 10,000 ቅጂ ቢታተም 400,000 የን ማለት ነው። ብዙ ወር ለፈጀ ሥራ አስቡት። አንባቢ ካልወደደው ደግሞ ተከታታዩ ይቋረጣል፤ መጽሔቶቹ አንባቢ የወደደውን በመጠይቅ ይቆጥራሉ። ውል ስትፈርሙ አንብቡ። በጃፓን የደራሲነት መብቱ በተለምዶ የደራሲው ሆኖ ይቀራል። እዚህ አገር አንድ ደንበኛ ሥዕሌን አንድ ጊዜ ከፍሎኝ ሁለት ሥራ ላይ ተጠቅሞበታል፤ ወረቀት ላይ ምንም ስላልጻፍን ዝም ብዬ ዋጥኩት።

ወገባችሁንም ጠብቁ። ዮሺሂሮ ቶጋሺ፣ የ«ሃንተር ኤክስ ሃንተር» ደራሲ፣ በወገብ ሕመም ሥራው ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ አድናቂዎቹ ታውቃላችሁ። የእኔ የቀኝ አውራ ጣት በክረምት ሻይ ማንኪያ አይዝም።

በሩ ለውጭ ሰው ዝግ አይደለም። ኮሪያዊው ቦይቺ ጃፓን ገብቶ «ዶክተር ስቶን»ን ሥሏል። ፈረንሳዊው ቶኒ ቫለንት የሠራው «ራዲያንት» በጃፓን ታትሞ በ2018 አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ሆነ። የጃፓን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከ2007 ጀምሮ ለውጭ አገር ሰዎች የማንጋ ሽልማት ይሰጣል። ቃል የሌለው ማንጋ ብቻ የሚወዳደርበትም አለ፣ በ2012 የተጀመረ። ለቋንቋ ለምትፈሩ እሱ ጥሩ ነው። እዚሁም ቢሆን ባዶ ሜዳ አይደለም፤ «ጀምበር» የተባለው የኢትዮጵያ ኮሚክ በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ጃፓን መሄድ የምትፈልጉ ቋንቋውን ከአሁኑ ጀምሩ። ኤዲተር ሲናገራችሁ አስተርጓሚ መሀል ካለ ግማሹ ይቀራል።

ያ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ። ደብተሩን አልያዘም። ስምንት ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከቶ ነበር። ሰይፍ የለበትም። የታክሲ ረዳት ነው ታሪኩ፤ መልስ ሳይሰጣት የወረደች አሮጊትን በሩጫ ይከተላል። ቆሜ አነበብኩት። አምስተኛው ገጽ ላይ ወደኋላ መለስኩ።

«እዚህ ምን ሆነ?» አልኩት።

ሊያስረዳኝ አፉን ከፈተ። ከዚያ ትዝ አለውና ዘጋው። ወረቀቱን ተቀብሎኝ መስኮቱ ጋ ሄዶ ተቀመጠ። ረዳቱ ሳንቲሙን የያዘበትን እጅ ላጲስ አንስቶ ያጠፋ ጀመር።