ለአራት ሁኔታ 16 ኢፍ መደርደር አያስፈልግም

ከኮምቦልቻ ደሴ ዕቃ ለሚያደርሰው ፕሮግራምህ፣ አራት ሁኔታዎችን አይቶ እንዲወስን 16 ኢፍ («ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚል ትእዛዝ) ልደርድር ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ኢፎቹን ተዋቸውና አራቱን ሁኔታዎች ወደ አንድ ቁጥር ቀይራቸው። የዘረዘርካቸው «ተከፍሏል፣ ቋሚ ደንበኛ ነው፣ ማታ ነው፣ ተሰባሪ ነው» የሚሉት ናቸው። እያንዳንዱ እውነት ወይም ሐሰት ስለሆነ 16 ዓይነት ጥምረት ይወጣል፣ በኢፍ ውስጥ ኢፍ እየከተትክ ከቀጠልክ ደግሞ ኮድህ የዚያው መንገድ የሐረጎ ዳገት ነው የሚሆነው፤ ጥምዝ በጥምዝ።

ለየሁኔታው ዋጋ ስጥ፦ ተከፍሏል 1፣ ደንበኛ 2፣ ማታ 4፣ ተሰባሪ 8። ሐሰት የሆነው 0 ነው። ከዚያ ደምር። ተከፍሎበት ማታ የሚሄድ ብርጭቆ፣ ላኪው ደንበኛ ካልሆነ፣ 1+4+8 ማለትም 13 ይሆናል፤ ሌላ ምንም ጥምረት 13 አይሰጥህም። ከ0 እስከ 15 የተቆጠረ አሬይ (እያንዳንዱ ቦታ በቁጥር የሚጠራበት ዝርዝር) ሠርተህ ውሳኔውን በቁጥሩ ማውጣት ነው።

ግን መጀመሪያ 16ቱን ጥምረቶች ከነውሳኔያቸው የያዘውን ሠንጠረዥ ወረቀት ላይ ሥራው (እኔ ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው የምሠራው)። ያልተከፈለበት ዕቃ በጭራሽ የማይላክ ከሆነ ግማሹ ረድፍ አንድ መልስ ነው ያለው። እሱን መጀመሪያ ላይ አጣርተህ ሪተርን አድርግ (መልሱን ሰጥተህ እዚያው ጨርስ)፤ የሚቀርህ 8 ብቻ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ ለአንድ ሱቅ ስሠራ «የቀረውን» በሙሉ ኤልስ («ካልሆነ ግን» የሚለው የኢፍ ክፍል) ውስጥ ወረወርኩት። በኋላ አምስተኛ ሁኔታ ሲጨመር ጥምረቱ 32 ሆነ፣ አዲሶቹ ሁሉ ድምፅ ሳያሰሙ ኤልሱ ውስጥ ገቡ፣ ዕቃ ለሳምንት በነፃ ተላከ። ስለዚህ ያላሰብከው ቁጥር ሲመጣ ፕሮግራሙ ስህተት ብሎ ይቁም፣ አዲስ ሁኔታ ሲመጣም 16ን ስጠው እንጂ የድሮዎቹን ዋጋ አትነካካ።