ቡና መጥፎ ከሸተተሽ ነርቭሽ ሞቷል ማለት አይደለም

እህቴ፣ ወድቀሽ ጭንቅላትሽን ከተመታሽ አምስት ወር ሆኖሻል። መጀመሪያ ምንም አይሸትሽም ነበር፤ አሁን ቡናና ሽንኩርት የበሰበሰ ነገር ይሸቱሻል። «ነርቩ እየባሰበት ነው ወይ?» ብለሻል። ያለፍኩበት ስለሆነ ልንገርሽ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ የግቢያችን ደረጃ አዳልጦኝ በማጅራቴ ወደቅኩ። ስፌት እንኳ አላስፈለገኝም። በሳምንቱ ግን ሽሮ ጥጄ፣ አጠገቡ ተቀምጬ አረረ። ባለቤቴ ከጓዳ ሮጣ መጥታ «አፍንጫ የለህም እንዴ?» አለችኝ። ለካ አልነበረኝም።

የአንገት በላይ ሐኪሟ ነች ያስረዳችኝ። የሚያሸተው ሥጋ አፍንጫ ውስጥ፣ ጣሪያው ላይ ነው ያለው፤ ጥቂት ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ የሚነሱት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ወንፊት በመሰለ አጥንት ሾልከው አንጎል ይገባሉ። ጭንቅላት ሲመታ አንጎል ይናወጥና ክሮቹ እዚያ ወንፊቱ ላይ ይበጠሳሉ። ደግነቱ፣ እንደ ዓይን ነርቭ ሄደው የሚቀሩ አይደሉም። ከሥራቸው ያሉ እናት ሴሎች ዕድሜ ልካችንን ይተኳቸዋል። ጣጣው መንገዱ ላይ ነው። አዲሱ ክር ቀዳዳውን ማግኘት አለበት፤ ጠባሳ ከዘጋው እዚያው ይቀራል። ቢያልፍም ወደ 400 የሚጠጉ የሽታ ተቀባይ ዓይነቶች አሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ይፈልጋል። ቤት ሲሳሳት ቡናው እንዲያ ይሸታል። ስለዚህ ያንቺ ብዙ ጊዜ የመመለስ ምልክት ነው። እኔ በሰባተኛው ወር ቡና የተቃጠለ ጎማ ሲሸተኝ ሐኪሟ ደስ አላት። እኔ ግን ጎረቤት ለቡና በጠራኝ ቁጥር ሰበብ ስፈልግ ከረምኩ።

የሠራሁት የማሽተት ልምምድ ነው። ጀርመን፣ ድሬስደን ያሉት የማሽተት ተመራማሪ ቶማስ ሁመል በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው፦ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍ፣ በቀን 2 ጊዜ ለ12 ሳምንት። የገዛሁት የጽጌረዳ ዘይት ብቻ ነው። ሎሚውን ልጣጩን እፍቃለሁ፣ ባሕር ዛፉን ከአጥር ቆርጬ በእጄ አሻለሁ። እያንዳንዱን አሥር ሰከንድ ያህል፣ ድሮ እንዴት ይሸት እንደነበር እያሰቡ። እኔ 12 ሳምንት አልበቃኝም፣ ዓመት ገፋሁበት።

አክስቴ ፌጦ አሽትት ብላኝ አቃጠለኝና «ሸተተኝ!» ብዬ ጨፍሬ ነበር። የሚያቃጥለው ሌላ ነርቭ ነው፣ የማሽተቱ አይደለም። የባሕር ዛፍ ቅዝቃዜም እንደዚያው ነው፣ እንዳያታልልሽ። አፍንጫሽ ውስጥ ደግሞ ምንም አትጨምሪ። እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከአፍንጫሽ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ። ቡታጋዝሽንም ከመተኛትሽ በፊት በዓይንሽ አረጋግጪ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከጭንቅላት ምት በኋላ ያለው ዕድል ከጉንፋን በኋላ ካለው ያነሰ ነው፤ ሁሉም አይመለስለትም። ለእኔ መጀመሪያ በትክክል የሸተተኝ ቅርንፉድ ነው፣ በዘጠነኛው ወር፣ ክዳኑን ከፍቼ ልዘጋው ስል። አሁን ቡናው ቡና ይሸተኛል። ዕጣኑ ግን እስከዛሬ ጭስ ብቻ ነው።