የት እንቀመጥ፣ የት እናስብ? ስለ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ስለ ፈተናና ስለ ውጤት ብዙም አያነሱም። የት እንቀመጥ፣ የት እናስብ፣ ሲከፋን የት እንሂድ የሚሉ ናቸው። የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በአንድ መኝታ ክፍል ስድስት ሆነን ነው የምንኖረው። ልጆቹ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ለአንድ ሰዓት እንኳ ብቻዬን መሆን አልቻልኩም። ይህን መፈለጌ ራስ ወዳድነት ይሆን?

መልስ፦ በፍጹም አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን እንዳስረዱት፣ ሆን ብለን የምናውለው ትኩረት ሲበዛበት ይዝላል። ትምህርት መከታተሉም፣ ማንበቡም፣ ደባልን ላለማስቀየም መጠንቀቁም የሚቀዳው ከዚያው ነው። የሚታደሰው ደግሞ ዓይንን ሳያደክም በሚይዝ ነገር ነው ይላሉ፤ ቅጠል ሲወዛወዝ፣ ደመና ሲያልፍ፣ ውሃ ሲፈስ እንደማየት። እንግዲህ ግቢውን ዞር ዞር ብለሽ ጀርባሽን የምታስደግፊበት ግንድ ወይም ግድግዳ፣ ከፊትሽ ደግሞ አረንጓዴ ነገር ያለበት ጥግ ፈልጊ። ጭር ያለ ጓሮ ግን አይሁን፤ መንገደኛ ከሩቅ ሊያይሽ ይገባል። ለምሽቱ የቤተ መጻሕፍቱ የመስኮት ዳር መቀመጫ ይበቃል። ለደባሎችሽም ፍላጎትሽን ሳትሸማቀቂ ንገሪያቸው፤ ከመካከላቸው አንዷ ይህንኑ ለመናገር አፍራ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የተማሪዎች ተወካይ ነኝ። ለሥዕል፣ ለሙዚቃና ለፈጠራ ሥራ ቦታ ብንጠይቅ የተሰጠን ግድግዳው የተላላጠ አሮጌ መጋዘን ነው። ጓደኞቼ አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ እንጠብቅ ይላሉ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ቁልፉን ዛሬውኑ ተቀበሉ! በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1943 በጦርነት ጥድፊያ የቆመ «ሕንፃ 20» የሚባል የእንጨት ቤት ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ እንዲፈርስ ታስቦ የተሠራው ይህ ቤት እስከ 1998 ዘለቀ። የራዳር ምርምር የተካሄደበት እሱ ነው። በኋላም የቋንቋ ሊቁ ኖም ቾምስኪ ቢሮ፣ የድምፅ ምርምር ቤተ ሙከራና የተማሪዎች የባቡር ሞዴል ክበብ በአንድ ጣሪያ ሥር ተጎራበቱ። ቤቱ ሲሞቅ የሚያፍን፣ ሲረግጡት የሚንቋቋ ነበር። ቢሆንም ሽቦ ለመዘርጋት ግድግዳውን የሚበሳ ሰው ማንንም አያስፈቅድም ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ጄሮልድ ዛካሪያስ ለአቶሚክ ሰዓት ምርምሩ ረጅም መሣሪያ ማቆም ሲያስፈልገው የሁለት ፎቅ ወለል አስፈርሷል። የሚያብረቀርቅ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ይህን ማን ይደፍራል? ቀለም እንዳይፈስበት በሚሳቀቁለት ክፍል ውስጥ እጅ ይታሰራል።

ነገር ግን አሮጌ ቤት አደጋም አለው፤ ሕንፃ 20 ራሱ አስቤስቶስ የሚባል፣ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የግንባታ ቁስ ነበረበት። ከመግባታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ጣሪያው፣ የአየር መግቢያውና የአደጋ ጊዜ መውጫው በባለሙያ ይታይላችሁ፤ ግድግዳውን መቀባትና መቸንከር እንደምትችሉም በጽሑፍ አስፈቅዱ። ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር የታሰሩ እንዳይሆኑ አደራ። ዊልያም ዋይት የተባለው ተመራማሪ በኒው ዮርክ አደባባዮች ሰዎችን በካሜራ ሲከታተል አንድ ነገር አስተውሏል፦ ሰው ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን ያዝ አድርጎ ጥቂት ያንቀሳቅሰዋል። ብዙ ጊዜ ወደ ጥላም ወደ ፀሐይም አያስጠጋውም፤ እዚያው ገደማ ነው የሚያሳርፈው። ያቺ ትንሽ እንቅስቃሴ ግን ቦታውን የራሱ ታደርግለታለች። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ወንበር ስስብ እጄን አስተውላለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ስደውልለት ሁልጊዜ ከዛፎቹ ሥር እየተንሸራሸረ ነው የማገኘው። «እያሰብኩ ነው» ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ ይመኑት። በ2014 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሰዎች ከተቀመጡበት ጊዜ ይልቅ ሲራመዱ ብዙ አዳዲስ ሐሳብ እንደሚያፈልቁ አሳይቷል። ባዶ ግድግዳ እያዩ በመራመጃ ማሽን ላይ የሄዱትም እንዲሁ ነበሩ፤ ከተቀመጡ በኋላም ለጥቂት ጊዜ መንፈሱ አልተለያቸውም። አንድ ቁርጥ መልስ ብቻ ባለው ጥያቄ ላይ ግን መራመዱ አልረዳቸውም። ስለዚህ ለሒሳቡ ወንበር እንደሚያስፈልገው በፍቅር ያስታውሱት።

ጥያቄ፦ በግቢያችን የምክር አገልግሎት ክፍል ቢኖርም የሚመጣ ተማሪ የለም። ባለሙያዋ ጎበዝ ናት። ምን አጎደልን?

መልስ፦ ክፍሉ ከሬጅስትራር መስኮት አጠገብ እንደሆነ በደብዳቤዎ ጠቅሰዋል። እስቲ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመው ይመልከቱት። ልጁ ይመጣል፤ በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን ያያል፤ የክፍሉ ልጆች ተሰልፈዋል። ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው ጥቂት ቆም ይልና ይመለሳል። ዳግም ለመምጣት ስንት ሳምንት እንደሚፈጅበት እግዚአብሔር ይወቅ! ጭንቀቱን ሊናገር የተነሣን ልጅ በር ላይ ማጣት ያንገበግበኛል። ክፍሉን ሰው ለብዙ ጉዳይ ወደሚገባበት ሕንፃ ያዛውሩት፤ ለምሳሌ ቤተ መጻሕፍቱና ክበባቱ ወዳሉበት። ያኔ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ለምን እንደሄደ አይታወቅም። የመቆያ ቦታው ከመተላለፊያው አይታይ፤ ንግግሩ ወደ ውጭ እንዳይሰማ በሩና ግድግዳው ይፈተሽ። ቀጠሮም በስልክ መያዝ ይቻል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎች ሣሩን እያቋረጡ መንገድ አወጡበት። አጥር እንሥራ?

መልስ፦ አጥሩን ይተዉት። የረገጡትን መስመር ድንጋይ ያንጥፉበት፤ በቀረው ሣር ላይም ይቀመጡበት።