ጅዳ ኤርፖርት ብቻ አይደለችም

የጅዳን ስም ያልሰማ ሐበሻ የለም። ወይ እኅቱ፣ ወይ አክስቱ፣ ወይ የሰፈሩ ልጅ እዚያ ሠርታለች። አይቷት የመጣ ግን ጥቂት ነው። እኔ ራሴ በሾፌርነት 9 ዓመት ኖሬባታለሁ። የመጀመሪያዎቹን 6 ዓመታት የማውቀው ኤርፖርቱን፣ የአሠሪዬን ልጆች ትምህርት ቤትና ሱፐርማርኬቱን ነበር። ዓይኔን የከፈተችልኝ ከቨርጂኒያ ለ4 ቀን የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት። "አሮጌውን ከተማ፣ በለድን አሳየኝ" ስትለኝ፣ እኔው መንገድ እየጠየቅኩ ወሰድኳት። እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው በጅዳ በኩል ወደ አገር ቤት ለምታልፉትም፣ እዚያው እየሠራችሁ ከአሠሪ ግቢ ውጪ ላላያችሁትም ነው።

ወረቀቱን ቶሎ እንጨርሰው። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ያላችሁ፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቱሪስት ቪዛ በኢንተርኔት ማውጣት ይቻላል። በሳውዲ አየር መንገድ የምትበሩ ደግሞ እስከ 96 ሰዓት የሚያቆይ የትራንዚት ቪዛ አለ። ደንቡ ስለሚቀያየር ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ። በሐጅ ሰሞን ለሽርሽር አትሂዱ፤ ያኔ ከተማዋ በሙሉ የሐጃጆች ናት።

ከሁሉ በላይ ጫት! ከአገር ቤት ስትመለሱ "ትንሽ እኮ ናት" ብሎ ነገር የለም። ሳውዲ ውስጥ ጫት እንደ ሌላው አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚታየው፤ ቅጣቱም ቀልድ አይደለም። "ለእገሌ አድርሱልኝ" የተባላችሁትን ዕቃ ፈትታችሁ ሳታዩ አትቀበሉ። እንደ ትራማዶል ያለ ከባድ የሕመም ማስታገሻም ያለ ሐኪም ወረቀትና ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አትያዙ።

አሁን ወደ በለድ እንሂድ። በለድ አሮጌው ከተማ ነው፤ ዩኔስኮ በ2014 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በእኩለ ቀን አትሂዱ። ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ ሱቁም ዝግ ነው። ዐስር ከሚባለው የከሰዓት ሰላት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ድረሱ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ግድግዳው ወርቅማ ይሆናል፣ ሱቆች ይከፈታሉ፣ ሰው ይወጣል። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሆነማ አየሩ ራሱ ያንሸራሽራችኋል።

ቤቶቹ የተሠሩት ከቀይ ባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ቀዳዳ የበዛበትና ለስላሳ ስለሆነ ብቻውን ፎቅ አይሸከምም። ስለዚህ በየተወሰነ ከፍታ ግድግዳው ውስጥ እንጨት አግድም ይገባል። ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው እዚህ ሲደርስ ቆም ይላል። አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት፤ የአክሱሞች አሠራር ይመስላል። ከየትኛው ወገን ወደ የትኛው እንደ ተሻገረ ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ እናንተ ግን ቀና ብላችሁ መስኮቶቹን እዩ። ሮሻን ይሏቸዋል። ከግድግዳው ወጣ ብለው የተንጠለጠሉ፣ እንደ ጥልፍ የተፈለፈሉ የእንጨት ሳጥኖች ናቸው። ውስጥ የተቀመጠች ሴት መንገዱን ሁሉ ታያለች፤ እሷን ማንም አያያትም። ነፋሱም በዚያው ይገባል። ያ ሁሉ ሀብት በተለይ የበዛው የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ነው።

ጊዜ ካጠራችሁ ናሲፍ ቤትን ብቻ እዩ። ሥራው በ1872 የተጀመረ የነጋዴ ቤት ነው። በሩ ላይ የኒም ዛፍ አለ። ጅዳ ውስጥ ሌላ ዛፍ ያልነበረበት ዘመን ስለነበረ "ዛፍ ያለበት ቤት" ይባል ነበር። ንጉሥ አብዱልአዚዝ በ1925 ከተማዋን ሲይዙ ያረፉት እዚህ ነው። ደረጃው ለምን እንዲህ ሰፋ ብትሉ፣ ግመል ጭነቷን ይዛ እስከ ላይኛው ማድ ቤት ትወጣ ነበር ይሏችኋል። ብዙዎቹ ቤቶች እድሳት ላይ ስለሆኑ አጥር ቢያጋጥማችሁ አትናደዱ፤ በሌላ ቅያስ ዙሩ። በለድ ውስጥ መጥፋት ራሱ ጉብኝት ነው።

የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። በቱርኮች ዘመን ጅዳ የተቀመጠው ፓሻ ማዕረጉ "የሐበሽ ገዥ" ነበር። ሐበሽ ሲሉ ሱዋኪንና ምፅዋ ያሉበትን የባሕር ዳርቻ ማለታቸው ነው። ደጋውን ሳይገዙት በስሙ መሾም ይሏል ይሄ ነው!

ከከተማው ወጣ ስትሉ ሹዐይባን አትለፏት። ከጅዳ በስተ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ለዓይን ብዙ ነገር የላትም። ባሕሯ ጸጥ ያለ፣ ዳርቻዋ አሸዋ፣ አጠገቧ ትልቅ የባሕር ውኃ ማጣሪያና የኃይል ማመንጫ። እኔ ግን ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው። በ615 የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ ሐበሻ የተሻገሩት ከዚህ ነው። ጥንታዊ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ሁለት የነጋዴ መርከቦች አግኝተው በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የነቢዩ ልጅ ሩቅያና ባሏ ዑስማን ነበሩ። ይኸው ዑስማን ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ647፣ ኸሊፋ ሆኖ የመካን ወደብ ከሹዐይባ ወደ ጅዳ አዛወረው። ጅዳን ወደብ ያደረጋት ሰው አንድ ጊዜ በእኛ አገር ስደተኛ ነበር ማለት ነው። ይህን ለአንድ የጅዳ ታክሲ ነጂ ስነግረው ሒሳቡን ግማሽ አደረገልኝ። (ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ።) ወደ ሹዐይባ ስትሄዱ ውኃና ጥላ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ የሚገዛ አታገኙም ብላችሁ ተዘጋጁ።

ሁለተኛው ጣኢፍ ነው። ተራራ የናፈቀው ሐበሻ ሐኪም ቤት ከሚሄድ ጣኢፍ ይሂድ። ወደ 1,880 ሜትር ከፍታ አላት፤ ከሐረር ጋር እኩል በሉት። ከጅዳ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አል ሀዳ የሚባለውን ጠመዝማዛ መንገድ ስትወጡ ጆሯችሁ ይደፈናል፣ መስኮት ስትከፍቱ ቀዝቃዛ አየር ይገባል። በመንገዱ ዳር ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ይጠብቋችኋል፤ በአዋሽና በሐረር በኩል የምናያቸው ዓይነቶች ናቸው። የባሕሩ ማዶና ማዶ ዘመዶች። አትመግቧቸው፤ ቅጣት አለው፣ እነሱም ቦርሳ ይነጥቃሉ። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ከደረሳችሁ የጽጌረዳ ለቀማ ነው፤ ሽታው ከመኪናው ጋር አብሮ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ከእኔ ስህተት ተማሩ። ከጅዳ ወደ ጣኢፍ የሚያጥረው መንገድ በመካ በኩል ነው። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ደግሞ ሐረም ወደሚባለው የመካ ቅዱስ ክልል አይገባም፤ ዙሪያውን የሚያልፍ ሌላ መንገድ አለ። እኔ ወሬ ይዤ ቅያሱን አለፍኩት። የአክስቴ ልጅ ክርስቲያን ናት። ኬላው ላይ ወረቀቷ ታየና ወደ ኋላ ተመለሱ ተባልን። ፖሊሱ ጨዋ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ላቤ አልደረቀም። የስልክ ካርታ ሁልጊዜ አጭሩን መንገድ ነው የሚመርጠው። ሃይማኖታችሁን አያውቅም፤ እናንተ ምልክቱን እዩ።

ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያላችሁ፣ በተለይ ሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶቼ፣ በሳምንት አንድ ቀን ካላችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ። ኢቃማው ከእጃችሁ አይለይ። አርብ ጠዋት አትድከሙ፣ ሁሉ ዝግ ነው፤ ከመግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ሰላት) በኋላ ኮርኒሽ በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ላይ ምንጣፍ አንጥፋችሁ ተቀመጡ። የንጉሥ ፋህድ ፏፏቴ የቀይ ባሕርን ውኃ ከ260 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይረጨዋል፤ ማታ መብራት ሲበራበት ደስ ይላል፣ በነጻ ነው። ፎቶ ስታነሱ ሴቶችን፣ ፖሊስንና የመንግሥት ሕንፃን ተዉ። ታክሲ ዋጋ ሳትስማሙ አትግቡ።

ለምግብ አላስቸግራችሁም። ጠዋት ፉል፣ ማታ ሙጠበቅ የሚባለው ውስጡ የተሞላ ቂጣ፣ ጣኢፍ ከደረሳችሁ ደግሞ በወተት የተቀቀለ ሩዝ፣ ሰሊግ ይሉታል። ቡናቸው ግን ያከራክራል። ጥቂት ብቻ ይቆሉትና ሔል ይጨምሩበታል፤ ቢጫ ነው። የአክስቴ ልጅ አንዴ ቀመሰችና "ይሄ ሻይ ነው" አለች። ከዚያ በለድ ውስጥ አንድ ቅመም ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ከሁሉ የሚበልጠውን ቡና እያሳየን "ሐረሪ! ሐረሪ!" አለ። ግማሽ ኪሎ ገዛች። የሐረር ቡና ከጅዳ ተገዝቶ ቨርጂኒያ ገባ። እናቷ ስታፈላው የኢትዮጵያ ቡና መሆኑን በመዓዛው ለየችው፣ ዋጋውን ስትሰማ ግን ሲኒውን አስቀመጠችው።