ነዋሪውን ለጤና ዕቅድ ማሰባሰብ ሙያ ይሆናል ወይ ለምትል ተመራቂ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ዘንድሮ በጤና መኮንንነት እንደምትመረቂ፣ ለማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት በወጣችሁበት የገጠር ቀበሌ ነዋሪዎችን አሰባስቦ ስለ ጤናቸው ማቀድ ከሕክምና ክፍሉ ሥራ ይበልጥ እንደሳበሽ፣ ቤተሰብሽ ግን «ስብሰባ መምራት ሥራ አይደለም፤ ተመድበሽ ሕመምተኛ እዪ» እንደሚሉሽ ገልጸሻል። የጠየቅሽኝም ሁለት ነገር ነው፤ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው ወይ፣ ከሆነስ በቅድሚያ የማስተርስ ዲግሪ ያስፈልገኛል ወይ?

ሙያ ነው። በሥራ ማስታወቂያ ላይ ግን በዚህ ስም የተጻፈ መደብ ፈልገሽ አታገኚም፤ ምክንያቱም ሥራው በሌሎች መደቦች ውስጥ ተበታትኖ ነው ያለው። ከፊሉ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በዕቅድ፣ ክትትልና ግምገማ ባለሙያው እጅ ነው፤ ከፊሉ በጤና ጣቢያ ኃላፊው፣ ከፊሉ ጤና ኬላዎችን በሚደግፈው ባለሙያና በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አስተባባሪው ዘንድ ይገኛል። መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችም ለማኅበረሰብ ተሳትፎ ባለሙያ ይቀጥራሉ። ስለዚህ ስትፈልጊ የመደቡን መጠሪያ ሳይሆን የሥራ ዝርዝሩን አንብቢ።

ሐሳቡ በአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ ለቤተሰብሽ ልትነግሪያቸው ትችያለሽ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አብሮ እያሠለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። የአንቺ ሙያ ገና ሲፈጠር ከሕመምተኛው ጋር አካባቢውንም እንዲያይ የታሰበ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ባለሙያዎችን መድቦ፣ ለ5,000 ያህል ሰው አንድ ጤና ኬላ፣ ለ25,000 ያህል ሰው ደግሞ አምስት ጤና ኬላዎችን የሚደግፍ አንድ ጤና ጣቢያ እንዲኖር አድርጎ ተነደፈ። ይህ አደረጃጀት የሚሠራው ነዋሪው በዕቅዱ ውስጥ ካለበት ብቻ ነው፤ መጸዳጃ ቤት ቆፍሮ የሚጠቀመው፣ ልጁን ለክትባት የሚያመጣው፣ ለጤና መድኅን መዋጮ የሚከፍለው እሱ ነውና።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚመዘነው ስብሰባው ሞቅ ብሎ በመዋሉ ሳይሆን፣ ሰዎች ይበልጥብናል ያሉት ጉዳይ በጀትና ኃላፊ ተመድቦለት በዕቅዱ ሰነድ ላይ በመገኘቱ ነው። ብዙ ውይይት የሚመክነው ነዋሪው ሳይናገር ቀርቶ አይደለም፤ የተናገረው ነገር ከቃለ ጉባኤው መዝገብ ወደ በጀቱ ሠንጠረዥ የሚያሻግረው ሰው ስለሚያጣ ነው። አንቺ ያ ሰው ለመሆን ከፈለግሽ የገንዘቡን መንገድና የዕቅዱን የጊዜ ሰሌዳ ከማንም በላይ ማወቅ ይኖርብሻል።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። የወረዳው ዕቅድ ከዚያ በፊት ተዘጋጅቶ፣ ከላይ ከሚወርደው ግብ ጋር ተጣጥሞ፣ በጀቱም በወረዳው ምክር ቤት መጽደቅ አለበት። በግንቦት መጨረሻ የሚጠራ የሕዝብ ውይይት እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀ ነገር ከማስረዳት አያልፍም። ውይይቱ መከር ከተሰበሰበ በኋላ፣ ገበሬውም ፋታ ሲያገኝ፣ በጥርና በየካቲት ቢደረግ የነዋሪው ጥያቄ ወደ ሰነዱ ለመግባት ጊዜ ይኖረዋል። ሌላም በር አለ። ጤና ጣቢያዎች ከአገልግሎት የሚሰበስቡትን የውስጥ ገቢ ራሳቸው እንዲጠቀሙበት ተፈቅዶላቸዋል፤ አጠቃቀሙን የሚወስነውም የማኅበረሰብ ተወካዮች ያሉበት የሥራ አመራር ቦርድ ነው። ከወረዳው መደበኛ በጀት ያልተገኘ አንሶላ ወይም የውኃ ታንከር ከዚህ ሊገኝ ይችላል። ተማሪዎች ይህን ሳያውቁ መመረቃቸው ያሳዝነኛል።

አንድ ጉዳይ ቀረብ አድርገን እንየው። በአንድ ቀበሌ እናቶች ጤና ጣቢያ መጥተው አይወልዱም እንበል። ወንዶቹን ብትጠይቂ በመጀመሪያ የሚነሳው አምቡላንስና መንገድ ነው፤ እውነት አላቸው። ሴቶቹን ለብቻቸው አስቀምጠሽ፣ በአመድና በቅጠል መሬት ላይ የቀበሌውን ካርታ አሥለው፣ የሚከብዳቸው ነገር ላይ ባቄላ እንዲያስቀምጡ ብታደርጊ ግን ሌላ ነገር ሊወጣ ይችላል፤ ምጥ ሳይመጣ ቀድሞ መጥቶ ለመቆየት እናቶች ማቆያው ውስጥ ምን ይበላል፣ ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ያያል፣ ከወለዱ በኋላ ገንፎ የሚያገነፋላቸውና ቡና የሚያፈላላቸው ማን ነው የሚል። እነዚህ የባህል ጌጥ አይደሉም፤ እናቲቱ ከቤቷ እንድትወጣ ወይም እንድትቀር የሚያደርጉ ምክንያቶች ናቸው።

ከዚህ የሚወጣው ዕቅድ እንግዲህ ማን ምን እንደሚያደርግ የሚል መሆን አለበት። እድሩ ከመከር በኋላ ጤፍ፣ ገብስና ቡና ያዋጣል፤ የሚረከበውና የሚመዘግበው ሰው በስም ይጻፋል። ጤና ጣቢያው ክፍሉን፣ ፍራሹንና ማብሰያውን ከውስጥ ገቢው ያሟላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የነፍሰ ጡሮቹን የመውለጃ ጊዜ መዝግባ ቀድማ ታሳውቃለች፤ መንገድ በማይገባበት ሰፈር ወጣቶቹ ቃሬዛ ይይዛሉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ወርና ፊርማ ይቀመጣል። «ኅብረተሰቡ ይተባበራል» የሚል ዐረፍተ ነገር በዕቅድ ላይ ስታዪ፣ ማንም ኃላፊነት እንዳልወሰደ ቁጠሪው።

በስብሰባው ላይ ከሚናገሩት ይልቅ ያልመጡትን ማሰብን ልማድሽ አድርጊ። ስብሰባው በገበያ ቀን ከተጠራ፣ ከውኃ መቅጃው ሰዓት ጋር ከተጋጨ፣ ወይም በሊቀመንበሩ ቤት ከተደረገ የሚቀሩት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ሰዎች ናቸው፤ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞች፣ የቀን ሠራተኞች። በከተማ ችግሩ መልኩን ይለውጣል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ስለማይገናኝ እድሮችና የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች ዋነኛ መግቢያ ይሆናሉ፣ ከሚነሱት ጉዳዮችም የደም ግፊት፣ የስኳርና የአእምሮ ጤና ይበዛሉ።

ከንግግር ችሎታው ጎን ቁጥር ማንበብ አይቀርልሽም። በጤና ኬላው ያለውን የቤተሰብ ማኅደር (የየቤተሰቡ የጤና መረጃ የሚያዝበትን መዝገብ) እና የጤና ጣቢያውን ወርኃዊ ሪፖርት ማገናዘብ፣ የክትባት ሽፋን በየትኛው ጎጥ እንደወረደ ማየት፣ ያንን ለሰዎቹ በራሳቸው ቋንቋና በሚጨበጥ መልኩ ማቅረብ ያስፈልጋል። ነዋሪዎች የጤና ጣቢያውን አገልግሎት ራሳቸው የሚመዝኑበትን የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድም ተማሪ፤ ከዕቅዱ በኋላ ሰዎቹን ዳግም የምታሰባስቢበት ምክንያት ይሆንሻል፣ ያላከናወነውንም ወገን በጨዋነት ለመጠየቅ መድረክ ይከፍታል።

ስለ ሥራ አጀማመርሽ ያለኝ አስተያየት ምናልባት ቤተሰብሽን ደስ ያሰኛል፤ በጤና ጣቢያ ጀምሪ። ሕመምተኛ ስታክሚ ያወቀሽ ሰው ስብሰባ ስትጠሪው ይመጣል፤ በጤና ጣቢያ ውስጥ ሆነሽም መድኃኒት ለምን እንደሚያልቅ፣ ቦርዱ እንዴት እንደሚወስን ታያለሽ። ከዚያ ወደ ወረዳው የዕቅድ ክፍል መሻገር ይቻላል። የፕሮጀክት ሥራ በደመወዝ ረገድ ሊያማልልሽ ይችላል፤ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን በአበል የሚሰበሰብ ሰው አበሉ ሲቆም እንደሚበተን አስቢ። ለእንዲህ ያለ መደብ ቃለ መጠይቅ ከተጠራሽ፣ ከነዋሪው ጋር የሚወጣው ዕቅድ በወረዳው ዕቅድና በጀት ውስጥ ይገባ እንደሆነ ጠይቂያቸው። መልሳቸው የፕሮጀክቱ ሰነድ ብቻ ከሆነ ሌላ ቦታ ብታማርጪ እመርጣለሁ።

ከምረቃ በፊት ልትሠሪው የምትችዪው አንድ ነገር አለ። ለትምህርት በወጣችሁበት ቀበሌ ላሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደውለሽ፣ አብራችሁ ከተስማማችሁባቸው ነገሮች የትኞቹ እንደተፈጸሙና ያልተፈጸሙት ለምን እንደቀሩ ጠይቂና በሁለት ገጽ ጻፊው። ለቀጣሪ ከምታቀርቢው የሥልጠና የምስክር ወረቀት ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ማስተርሱን በተመለከተ፣ አሁን አያስፈልግሽም። ሁለት ወይም ሦስት የዕቅድ ዘመን በሥራው ላይ ሆነሽ ካለፍሽ በኋላ ግን ብትማሪ ይጠቅምሻል፤ የጤና ሥራ አመራር ወይም የጤና ማበልጸግ ዘርፍ ለዚህ ሥራ ይቀርባሉ። ያን ጊዜ የመመረቂያ ጥናትሽን ርእስ ከሠራሽበት ወረዳ ታወጫለሽ፣ ጽሕፈት ቤቱም ውጤቱን ለቀጣዩ ዕቅድ እንዲጠቀምበት ከጅምሩ መስማማት ትችያለሽ።