ጌታችንን እንደ በሽተኛ አድርጎ መሣል ድፍረት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አንድ የፈረንጅ የስቅለት ሥዕል አየሁ። የጌታችን ገላ በሙሉ ቆስሎ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ጣቶቹ ተንጨፍርረዋል። በወረርሽኝ ዘመን ለበሽተኞች የተሣለ ነው አሉኝ። ይሄ ድፍረት አይደለም? ደግሞ በሽታ የኃጢአት ቅጣት ነው ይባል የለ፣ ታዲያ እሱን ከበሽተኛ ምን አገናኘው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሥዕሉን አውቀዋለሁ፤ እኔም መጀመሪያ ሳየው ደንግጫለሁ። ማቲያስ ግሩኔቫልድ የሚባል ጀርመናዊ ከ1512 እስከ 1516 እ.ኤ.አ. ገደማ የሣለው ነው፣ ዛሬ ፈረንሳይ አገር ኮልማር ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ያኔ ግን ኢዘንሃይም በሚባል ቦታ፣ በአባ እንጦንስ ስም የሚጠሩ መነኮሳት በሽተኛ በሚያስታምሙበት ገዳም ነበር። በሽታውን «የእንጦንስ እሳት» ይሉታል። ገላን ያቃጥላል፣ እጅና እግር ጠቁሮ ይሞታል። መንስኤው እህል ላይ የሚወጣ መርዛማ ሻጋታ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው፤ በጊዜው ሰው ዳቦውን በልቶ ይወድቃል፣ ለምን እንደወደቀ አያውቅም።

እንግዲህ ያ ሰው ሥዕሉ ፊት ሲቀርብ የሚያየው ምንድን ነው? ከግርፋቱ የቀረ እሾህ በየቦታው የተሰካበት፣ ልክ እንደ ራሱ የቆሰለ ገላ።

ኢሳይያስስ «በእውነት ደዌያችንን ተቀበለ» ብሎ የለ? ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ልብ በይው፤ እኛ ግን በእግዚአብሔር እንደ ተቀሠፈ ቆጠርነው ይላል። የታመመን ሁሉ «ተቀሥፎ ነው» የሚሉ ሰዎች ይቺን ቢያነቧት ጥሩ ነበር። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲሉትም ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ነው ያለው። ስለዚህ ድፍረት አልለውም።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ የዚሁ ሥዕል ሌላኛው ገጽ ነው። አባ እንጦንስ መሬት ላይ ወድቆ አጋንንት ሲደበድቡት ይታያል፣ ጥጉ ላይ ሆዱ የተነፋና ቁስል የወረሰው ፍጡር አለ፣ በሌላው ጥግ ደግሞ ትንሽ ወረቀት። ወረቀቱ ላይ «ቸር ኢየሱስ ሆይ፣ ወዴት ነበርህ? ቁስሌን ልትፈውስ ለምን አልመጣህም?» የሚል ተጽፏል። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድሉ ላይ እንጦንስ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቅ «እዚሁ ነበርሁ፣ ተጋድሎህን እያየሁ» የሚል ድምፅ ይመጣለታል። ወረቀቱ ላይ ግን መልሱ የለም፣ ጥያቄው ብቻ ነው ያለው። መነኮሳቱም ይህን ጥያቄ በሽተኛ ከሚያይበት ቦታ አላነሡትም። ስለዚህ ታመሽ «የት ነህ?» ብትዪው እምነት አጣሁ ብለሽ አትሸበሪ፣ እሱም ጸሎት ነው።

መነኮሳቱ ደግሞ ሥዕል አሳይተው ብቻ አልተቀመጡም። ጥሩ ዳቦ ያበላሉ፣ ቅባት ይቀባሉ፣ የሞተውን እግር ያስቆርጣሉ። ሲራክም ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ጠበሉንም ጠጪ፣ ሐኪም ያዘዘልሽንም ዋጪ።

ሥዕሉን ቤት ልስቀለው ካልሽ ግን፣ ለጸሎት የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት የጠበቀ ሥዕለ አድኅኖ ይሻልሻል። የፈረንጁን ሥዕል ግን ተማሪበት።