ድንገተኛ ክፍሉን ትቼ ኮዲንግ ልግባ?

ጠያቂዬ ሜሪላንድ ውስጥ በድንገተኛ ክፍል አራት ዓመት የሠራች ነርስ ናት። ማታ ማታ ኮዲንግ ትማራለች። «እንግሊዝኛ የማይችሉ እናቶቻችን ሲንገላቱ ማየት አንገሸገሸኝ። ይሄን ቴክኖሎጂ ያስተካክለዋል። ነርስነቱን ትቼ ሶፍትዌር ውስጥ ልግባ? ለሚቀጥለው ኮርስ፣ ለሞባይል አፕ፣ ክፍያው ደርሶብኛል» ትላለች።

እህቴ፣ ለጊዜው ሥራሽን አትልቀቂ። ኮድ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትሪያጅ (ማን ቀድሞ ይታይ የሚባልበት) ወንበር አካባቢ ምን እንደሚፈጠር የሚያውቅ ግን ከውስጣቸው ስንቱ ነው?

አንድ ነገር ላስታውስሽ። ስኳር ያለባቸው እናት ይመጣሉ። «ጨጓራዬን አቃጠለኝ» ይላሉ። ልጃቸው ቃል በቃል ትተረጉማለች። ኮምፒውተሩ ላይ «የሆድ ሕመም» ተብሎ ይገባል፣ እሳቸውም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እኛ ደግሞ ጨጓራ የማንለው ነገር የለም! ሃርት አታክ፣ በተለይ ሴቶችና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ፣ እንደ ጨጓራ ሆኖ ሊመጣ እንደሚችል ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እናትየው «ደረቴን» ቢሉ ኖሮ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) እንዲነሱ መመሪያው ያዛል።

«ለዚህ እኮ የቪዲዮ አስተርጓሚ አለ» ትይኛለሽ። አለ። እኔም በአስተርጓሚነት ስሠራ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ያንን በጎማ የሚገፋ ታብሌት አውቀዋለሁ። ስፓኒሽ ሲጠየቅ ሰው ወዲያው ብቅ ይላል። አማርኛ ሲሆን ስክሪኑ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። አንዳንዴም ባትሪው አልቆ ዕቃ ቤት ተገትሮ ይገኛል። ወረቀት ላይ ግን አገልግሎቱ «አለ»።

ስለዚህ «ቴክኖሎጂ ያስተካክለዋል» የምትለውን ነገር ቀስ በያት። ጣት ላይ የምትሰኪውን የኦክስጅን መለኪያ ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። መለኪያው ከ92 እስከ 96 እያሳየ፣ ከደም ሥር በተወሰደ ናሙና ሲታይ ግን ኦክስጅኑ ከ88 በታች የሆነው በጥቁር ታካሚዎች 12 በመቶ ገደማ ነበር፣ በነጮች 4 በመቶ ገደማ። መሣሪያው በየአልጋው አጠገብ ነበረ። ችግሩ የቆዳ ቀለምን አለማገናዘቡ ላይ ነው።

አሁን ወደ አንቺ። ከሥራሽ ሳትወጪ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ያዢ። የክፍሉን የጥራት ኃላፊ አነጋግሪና፣ ታካሚ ከገባበት ደቂቃ ኢሲጂ እስከተነሣበት ያለው ጊዜ በቋንቋ ተከፍሎ ይውጣልኝ በይ። የአማርኛ ተናጋሪው ቁጥር ስለሚያንስ ለብቻው ብዙም አይነግርሽም። እንግሊዝኛ የማይናገሩትን ሁሉ በአንድ ላይ አድርጊ። ከዚያ በፊት ግን የቋንቋ መዝገቡን ራሱን ፈትሺው። መዝጋቢው ሲቸኩል «እንግሊዝኛ» ብሎ ያልፋል፣ አስተርጓሚ የሚያስፈልገውም ሰው እዚያው ይጠፋል። ይሄን በመረጃ ካሳየሽ ከየትኛውም አፕ የበለጠ ሥራ ሠርተሻል። አደራ፣ የታካሚ ዳታ ቤትሽ ላፕቶፕ ውስጥ እንዳይገባ። ሂፓ፣ የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀው የአሜሪካ ሕግ፣ ቀልድ አያውቅም።

የምትፈልጊው ሙያ ስም አለው፦ ክሊኒካል ኢንፎርማቲክስ፣ ሕክምናን ከመረጃና ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሙያ። ለሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2011 ራሱን የቻለ ንዑስ ስፔሻሊቲ ሆኖ ታውቋል። ለነርሶችም የራሱ የምስክር ወረቀት ፈተና አለው፣ የባችለር ዲግሪ ግን ይጠይቃል። ሆስፒታልሽ ኤፒክ የሚባለውን የታካሚ መዝገብ ሶፍትዌር የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ይሄን ያዢ፦ የኤፒክ ሰርተፊኬት እንደ ሌላው ኮርስ በገንዘብሽ ብቻ ገብተሽ የምትወስጂው አይደለም። ቀጣሪሽ ነው የሚልክሽ። ነርስነቱን ትተሽ ከወጣሽ ያ በር በገዛ እጅሽ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ሱፐር ዩዘር (ሶፍትዌሩን ለባልደረቦቹ የሚያሳይ ሠራተኛ) ሲፈለግ ቀድመሽ እጅሽን አውጪ፣ የአይቲ ሰዎቹ ስምሽን ይወቁት።

የማታውን ትምህርት አቋርጪ አላልኩም። ኤስኪውኤል የሚባለውን፣ ከዳታቤዝ መረጃ የሚወጣበትን ክፍል በደንብ ጨርሺው፣ ከላይ ላልኩሽ ሥራ በቀጥታ ይጠቅምሻል። የሞባይል አፑን ክፍያ ግን ገና ካልከፈልሽ፣ ያዢው።